ሰፈራው የቆመው በማን መሬት ላይ ነው? የዌስት ባንክ ውዝግብ ከይዞታ መዝገቡ ሲነበብ

ለመሳለም ኢየሩሳሌም የሄደ ኢትዮጵያዊ ሁለት ቦታዎችን ሳያይ አይመለስም። አንደኛው በምዕራብ ኢየሩሳሌም፣ የኢትዮጵያ ጎዳና በሚባለው ጠባብ መንገድ ላይ ያለው ክቡ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሁለተኛው በአሮጌው ከተማ፣ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለው ዴር ሱልጣን። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ቁልቁል ወርዶ፣ የከተማው ባቡር የሚያልፍበትን ሰፊ አስፋልት ተሻግሮ፣ በደማስቆ በር መግባት ነው። በመንገዱ ላይ ኬላ የለም፣ ድንበር የሚል ሰሌዳም የለም። ነገር ግን ተሳላሚው ያንን አስፋልት ሲሻገር፣ የዓለም መንግሥታት አብዛኞቹ እስራኤል ናት ብለው ከሚቀበሉት መሬት ወጥቶ በጦርነት የተያዘ ግዛት ነው ወደሚሉት መሬት ገብቷል። ከ1948 እስከ 1967 እዚያ ቦታ ላይ እሾሃማ ሽቦና ፈንጂ ነበር፤ ሁለቱ የኢትዮጵያ ገዳማት በሁለት ጠላት አገሮች፣ ደብረ ገነት በእስራኤል፣ ዴር ሱልጣን በዮርዳኖስ እጅ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መስመሩ የተሠመረበት መንገድ ራሱ የሚነገር ነው። በኖቬምበር 1948 በኢየሩሳሌም የተፋለሙት ሁለት ጦሮች አዛዦች፣ እስራኤላዊው ሞሼ ዳያንና ለዮርዳኖስ የቆሙት አብደላ አል-ተል፣ በአንድ ካርታ ላይ ጎንበስ ብለው ጦሮቻቸው የቆሙበትን ቦታ አንዱ በአረንጓዴ፣ ሌላው በቀይ የሰም እርሳስ አሠመሩ። የእርሳሱ ምልክት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይወፍር ነበር፤ የካርታው ልኬት ደግሞ አንድ ለ20,000 ስለነበረ፣ መስመሩ መሬት ላይ ሲወርድ ከ60 እስከ 80 ሜትር ስፋት ያዘ። በእርሳሱ ሥር የዋሉ ቤቶችና ጎዳናዎች የማን እንደሆኑ ለዓመታት ሲያከራክር ኖረ። በ1949 እስራኤልና ዮርዳኖስ የፈረሙት የጦርነት ማቆም ስምምነት መስመሩ የመጨረሻ ድንበር እንዳልሆነ፣ ወደፊት በሚደረግ የሰላም ውል የማንንም መብት እንደማይነካ በግልጽ ጽፏል። ዛሬ «አረንጓዴው መስመር» የሚባለው ይኸው ነው። ጊዜያዊ ተብሎ ተሠምሮ፣ ከእርሱ የተሻለ ሌላ መስመር ስላልተገኘ የክርክሩ ሁሉ መነሻ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በፊት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1947 ፍልስጤምን ለአይሁድና ለዐረብ መንግሥታት እንድትከፈል በ33 ድጋፍ፣ በ13 ተቃውሞና በ10 ድምፀ ተዓቅቦ ወስኖ ነበር፤ ድምፅ ካልሰጡት አሥር አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የአይሁድ ወገን ውሳኔውን ተቀበለ፣ የዐረብ ወገን አልተቀበለም፣ ጦርነት ሆነ፣ 700,000 ያህል ፍልስጤማውያንም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። በጁን 1967 በስድስት ቀን ጦርነት ደግሞ እስራኤል ከዮርዳኖስ ወንዝ በስተ ምዕራብ ያለውን ዌስት ባንክንና ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ከዮርዳኖስ፣ ጋዛንና ሲናይን ከግብፅ፣ የጎላን ኮረብታዎችን ከሶርያ ያዘች። ይህን የሚያውቅ አንባቢ ብዙ ስለሆነ እዚህ ላይ አልቆይም። የማተኩረው ብዙ ጊዜ ተዘልሎ በሚታለፈው ጥያቄ ላይ ነው፤ በጦርነት የተያዘ መሬት በምን መንገድ፣ በየትኛው ወረቀት፣ የሰላማዊ ሰው መኖሪያ ቤት የሚሠራበት ቦታ ሆነ?

በቅድሚያ ስለ ቃሉ። «ሰፈራ» ሲባል የእኛ አገር አንባቢ የሚያስታውሰው በድርቅ ዘመን ገበሬን ከወሎና ከትግራይ እያጓጓዙ ወደ ምዕራብ የወሰዱበትን ዘመቻ ነው፤ ጎጆ፣ ጫካ፣ የወባ ትንኝ። የዌስት ባንክ ሰፈራ ግን ብዙውን ጊዜ በኮረብታ አናት ላይ በቀይ ሸክላ የተከደኑ ቤቶች፣ ትምህርት ቤት፣ የገበያ አዳራሽና ወደ ቴል አቪቭ ወይም ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስድ ጥሩ አስፋልት ያለው ሰፈር፣ አንዳንዱም ማዘጋጃ ቤት ያለው ሙሉ ከተማ ነው። ከዚያ ወጣ ያሉና ከእስራኤል መንግሥት ራሱ ፈቃድ ሳያገኙ በጥቂት ካራቫኖች የሚጀመሩ ትንንሽ ሰፈሮች አሉ፤ እነዚህ በእስራኤል ሕግም ሕገወጥ ናቸው። ሆኖም የሕግ ባለሙያዋ ታሊያ ሳሶን በ2005 ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ባቀረቡት ዘገባ እንዳሳዩት፣ መንገዱን፣ መብራቱንና ውኃውን ሲያስገቡላቸው የነበሩት ራሳቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነበሩ።

የመጀመሪያው ሰፈራ ታሪክ ከመሬት ዘረፋ ይልቅ ወደ ቤት መመለስን ይመስል ነበር። ከቤተልሔም በስተ ደቡብ የነበረው የክፋር ኤጽዮን የአይሁድ መንደር በሜይ 1948 በዐረብ ኃይሎች እጅ ወድቆ አብዛኞቹ ተከላካዮቹ ተገድለዋል፤ ቀደም ብለው እንዲወጡ የተደረጉት ሕፃናት አድገው በሴፕቴምበር 1967 መንደሩን መልሰው ተከሉ። በዚያው ወር የእስራኤል የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሕግ አማካሪ የነበሩት ቴዎዶር ሜሮን ለመንግሥታቸው «ጥብቅ ምስጢር» የተባለ አስተያየት ጻፉ። ሰላማዊ ሰዎችን በተያዘ ግዛት ማስፈር አራተኛውን የጄኔቭ ስምምነት በግልጽ እንደሚጥስ፣ ሰው መላክ የግድ ከሆነም በጦር ክፍሎች ስምና በጊዜያዊነት እንዲሆን መከሩ። ሜሮን ከናዚ እልቂት የተረፉ ሰው ናቸው፤ በኋላም የዩጎዝላቪያን የጦር ወንጀሎች የዳኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። መንግሥት ምክራቸውን ግማሹን ወሰደ። ክፋር ኤጽዮን ለውጭ ሰዎች የወታደር ጣቢያ ተብሎ ተነገረለት።

ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ነገሩ በዚሁ መልክ ሄደ። የሠራተኛ ፓርቲ መንግሥታት በዋናነት በዮርዳኖስ ሸለቆ፣ ለመከላከያ ይጠቅማል በተባለ መስመር ላይ፣ በወታደራዊ አዛዥ ትእዛዝ የግል መሬት እየያዙ ሰፈራ ተከሉ። ትእዛዙ «ለጸጥታ አስፈላጊነት» የሚል ነበር፤ ባለቤትነቱ በወረቀት ከባለይዞታው አይወሰድም፣ መሬቱ ግን ይወሰዳል። በ1968 የፋሲካ በዓልን ለማክበር በኬብሮን ሆቴል የተከራዩት ረቢ ሞሼ ሌቪንገርና ተከታዮቻቸው ደግሞ ከበዓሉ በኋላ አንወጣም አሉ፤ መንግሥትም ከአንገራገረ በኋላ ከከተማዋ ጎን ኪርያት አርባን ሠራላቸው። በ1977 የሜናሔም ቤጊን ሊኩድ ፓርቲ ሲያሸንፍ፣ ከምሥራቅ ኢየሩሳሌም ውጪ በዌስት ባንክ የነበሩት ሰፋሪዎች ወደ 5,000 ይጠጉ ነበር። ቤጊን ግዛቱን «ይሁዳና ሰማርያ» በሚለው በመጽሐፍ ቅዱሳዊ ስሙ እንጂ «ዌስት ባንክ» ብለው አይጠሩትም ነበር። ለእርሳቸውና ለሃይማኖተኞቹ ሰፋሪዎች ሼኬም፣ ቤቴል፣ ሴሎና ኬብሮን የአባቶች አገር ናቸው። ፍልስጤማዊው ሼኬምን ናብሉስ፣ ኬብሮንን አል-ኸሊል ብሎ ይጠራል፤ የአያቱ የወይራ ዛፎች ያሉትም እዚያው ነው።

የነገሩ አቅጣጫ የተለወጠው በ1979 ነው ብዬ አምናለሁ፤ የለወጠውም ጦርነት ወይም ምርጫ ሳይሆን የአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ነው። ከናብሉስ አጠገብ ባለችው የሩጄይብ መንደር መሬት ላይ ኤሎን ሞሬ የተባለ ሰፈራ ሊሠራ ተነሥቶ፣ ባለይዞታዎቹ ለእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ኤታማዦር ሹሙ ራፋኤል ኤታን ቦታው ለአገር መከላከያ እንደሚያስፈልግ በቃለ መሐላ አረጋገጡ። ነገር ግን የቀድሞው ኤታማዦር ሹም ሐይም ባር-ሌቭ ቦታው ለመከላከያ ምንም እንደማይጠቅም መሰከሩ፤ መከላከያ ሚኒስትሩ ኤዘር ቫይዝማንም በኤታማዦር ሹሙ አስተያየት አልተስማሙም። መዝገቡን የዘጉት ግን ሰፋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። በክርክሩ ገብተው በሰጡት የቃለ መሐላ ማስረጃ፣ ወደ ኤሎን ሞሬ የመጡት አምላክ ለአባቶቻቸው የሰጠውን ምድር ለመውረስ እንጂ ለጸጥታ ብለው እንዳልሆነ፣ ሰፈራውም ጊዜያዊ ሳይሆን ለዘለዓለም እንደሆነ በቅንነት ተናገሩ። ፍርድ ቤቱም በዳኛ ሞሼ ላንዳው ብዕር፣ ወታደራዊ አስተዳደር ራሱ ጊዜያዊ ሆኖ ሳለ ዘለዓለማዊ ሰፈራ ሊተክልበት የግል መሬት መያዝ አይችልም ብሎ ሰፈራው እንዲነሣ በየነ። ባለይዞታዎቹ ረቱ፤ ኤሎን ሞሬም ወደ ሌላ ኮረብታ ተዛወረ።

የሩጄይብ ገበሬዎች ድል ግን ለጎረቤት መንደሮች ገበሬዎች አዲስ ችግር አመጣ። የግል መሬት መያዝ ካልተቻለ የግል ያልሆነውን መፈለግ ነው የሚል ሐሳብ ተነሣ፤ ካቢኔውም ከዚያ በኋላ ሰፈራ በ«መንግሥት መሬት» ላይ ብቻ እንዲሠራ ወሰነ። ይህ ሲሰሙት ለባለይዞታው የሚያዝን ውሳኔ ይመስላል። ጥያቄው የትኛው መሬት የመንግሥት ነው የሚለው ሆነ፤ መልሱም ከኦቶማን ቱርኮች የ1858 የመሬት ሕግ ወጣ።

በዚያ ሕግ መሠረት ከመንደር ቤቶች ውጪ ያለው አብዛኛው የእርሻ መሬት «ሚሪ» ይባላል። ዋናው ባለቤትነት የሱልጣኑ፣ የመጠቀም፣ የማውረስና የመሸጥ መብት የገበሬው ነው። መሬት የመንግሥት ሆኖ ገበሬው የይዞታ መብት ብቻ በሚኖረው አገር ላደገ ሰው አሳቡ አዲስ አይሆንበትም። ገበሬው አሥር ዓመት በተከታታይ ካረሰው መብቱ ይጸናለታል፤ ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ዓመት ጾም ካሳደረው ግን ወደ መንግሥት ይመለሳል። የኦቶማን መንግሥት ሕጉን ያወጣው ገበሬው እንዲያርስ፣ ግብርም እንዲገባ ነበር። የእስራኤል የፍትሕ ሚኒስቴር ባለሙያዎች ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ ያንኑ ሕግ አንሥተው፣ በአየር ላይ ፎቶግራፍ እየተመለከቱ፣ ኮረብታ ለኮረብታም በእግርና በሄሊኮፕተር እየዞሩ ያልታረሰውን መሬት መለየት ያዙ፤ ሥራውን የመሩት የሕግ ባለሙያዋ ፕሊያ አልቤክ ነበሩ። በዌስት ባንክ ተራራማ አገር ደግሞ ኮረብታው ከላይ ድንጋያማ ነው። ገበሬው ታችኛውን እርከን ያርሳል፣ ወይራ ይተክላል፤ አናቱን ለፍየልና ለበግ ግጦሽ ይተወዋል። ግጦሽ በዚህ አተረጓጎም እንደ እርሻ አይቆጠርም። ሰፈራዎቹ ሁልጊዜ በኮረብታ አናት፣ የፍልስጤም መንደሮች በጎንና በሥር የሚታዩት ለጦር ስልት ተብሎ ብቻ አይደለም፤ አናቱ ያልታረሰ ስለሆነም ነው።

ገበሬው ወረቀት የለውም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። እንግሊዞችና ከእነርሱ በኋላ ዮርዳኖሶች መሬቱን በሥርዓት መመዝገብ ጀምረው ነበር፤ በ1967 የተመዘገበው ግን የዌስት ባንክ ሲሶ ያህል ብቻ ነበር። በ1968 የእስራኤል ወታደራዊ አዛዥ በትእዛዝ ቁጥር 291 ምዝገባውን አቆመው። ስለዚህ ከሦስት ገበሬዎች ሁለቱ በእጃቸው ያለው የቀድሞ ግብር ደረሰኝ፣ የአያት ስም የተጻፈበት የግዢ ውል ወይም የጎረቤት ምስክርነት ነው። መሬቱ የመንግሥት ነው ተብሎ ሲታወጅ ተቃዋሚ በ45 ቀን ውስጥ ለወታደራዊ ይግባኝ ኮሚቴ መቅረብ አለበት፤ ማረስን የማስረዳት ሸክሙም የእርሱ ነው። ቀያሽ ይቀጥራል፣ ጠበቃ ይይዛል፣ የወይራውን ዕድሜ ያስቆጥራል። በዚህ መንገድ ከ1979 በኋላ በነበሩት ዓመታት ከ900,000 ዱናም በላይ፣ ማለትም ከ90,000 ሄክታር በላይ፣ የመንግሥት መሬት ተባለ።

የመንግሥት መሬት ለሕዝብ አገልግሎት መዋሉ በራሱ ክፋት የለውም፤ ጥያቄው የየትኛው ሕዝብ የሚለው ነው። በ2018 የመብት ተሟጋቾች በመረጃ ነፃነት ሕግ ጠይቀው ከወታደራዊው አስተዳደር ያገኙት መልስ፣ በዌስት ባንክ ለተጠቃሚ ከተሰጠው የመንግሥት መሬት 99.76 በመቶው ለእስራኤላውያን ሰፈራ እንደዋለ፣ ለፍልስጤማውያን የተሰጠው 0.24 በመቶ እንደሆነ ያሳያል። ስለ ሰፈራ ከተጻፉ ብዙ ቁጥሮች አንዱን ብቻ አስታውስ ብባል የማስታውሰው ይህን ነው። በ2025 ደግሞ ካቢኔው ለ57 ዓመት የቆመው የመሬት ምዝገባ በእስራኤል አስተዳደር ሥር እንዲቀጥል ወስኗል፤ ፍልስጤማውያን ውሳኔውን የፈሩት ምዝገባን ስለሚጠሉ ሳይሆን፣ ይዞታዬ ብሎ ማስረዳት ያልቻለ ሰው መሬት በመጨረሻው የት እንደሚገባ ስለሚያውቁ ነው።

ሰፋሪ ሁሉ በእጁ መጽሐፍ ቅዱስና ጠመንጃ የያዘ ኮረብታ ወጪ ተደርጎ ይሣላል። እንዲህ ያሉ አሉ፤ በየጊዜውም የፍልስጤም እረኞችን የሚደበድቡ፣ ወይራ የሚቆርጡ፣ ቤት የሚያቃጥሉ ከእነርሱ ይወጣሉ፤ ከኦክቶበር 7 ቀን 2023ቱ የሐማስ ጥቃትና ከተከተለው ጦርነት ወዲህ ይህ ዓይነቱ ግፍ በጣም ጨምሮ ሙሉ የእረኞች መንደሮች ነቅለው ሄደዋል። ይሁን እንጂ የሰፈራዎቹ ሁሉ ትልቋ ሞዲዒን ኢሊት ናት፤ ቀጥላ ቤታር ኢሊት ትመጣለች። በሁለቱም የሚኖሩት ብዙ ልጅ የሚወልዱ፣ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ እጅግ ሃይማኖተኛ ቤተሰቦች ሲሆኑ፣ የወሰዳቸው በኢየሩሳሌምና በብኔ ብራቅ የማይቀመስ የቤት ዋጋ ነው። ማዓሌ አዱሚም የሚኖር ጸሐፊ ወይም ነርስ ጠዋት ኢየሩሳሌም ሥራ ገብቶ ማታ ይመለሳል፤ ድንበር ተሻገርኩ ብሎ አያስብም።

በዚህ ረገድ አማርኛ ተናጋሪዎችን በቀጥታ የሚነካ አንድ ኮረብታ አለ። በ1991 ከዘመቻ ሰሎሞን ጋር ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ጊዜ ሲገቡ፣ ከሶቭየት ኅብረት የሚመጡትም ሲጎርፉ፣ መንግሥት ማደሪያ አጥቶ በየቦታው ካራቫን ተከለ። ከእነዚህ የካራቫን ሰፈሮች አንዱ በኢየሩሳሌም ደቡብ፣ ግቭዓት ሐማቶስ በሚባል ኮረብታ ላይ ነበር። ኮረብታው ከአረንጓዴው መስመር ማዶ፣ በቤት ሳፋፋ የፍልስጤም ሰፈርና በቤተልሔም መንገድ መካከል ይገኛል። ከጎንደር መንደር ወጥታ፣ በአዲስ አበባ ወራት ጠብቃ፣ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ዕቃዋን ያስቀመጠች እናት የ1949ን መስመር ማን ያስረዳታል? ካራቫኑ ለክረምት ብርድና ለበጋ ሙቀት አይበጅም ነበር፤ ነዋሪዎቹ ቀስ በቀስ ወጡ። በኖቬምበር 2020 ግን በዚያው ኮረብታ ላይ 1,257 ቤቶች ለመሥራት ጨረታ ወጣ። የአውሮፓ ኅብረት የተቃወመው ቤቶቹ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ከቤተልሔም ስለሚቆርጡ ነው። ሰፋሪው በእምነት መጣ፣ በኪራይ ውድነት መጣ፣ ወይም መንግሥት አምጥቶ አኖረው፣ ለመሬቱ መዝገብ ልዩነት የለውም።

አሁን ከምሥራቅ ኢየሩሳሌም ውጪ በዌስት ባንክ 500,000 ያህል፣ በምሥራቅ ኢየሩሳሌም ደግሞ ከ200,000 በላይ እስራኤላውያን ይኖራሉ፤ በዙሪያቸው ያሉት ፍልስጤማውያን 3 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። በእስራኤልና በፍልስጤማውያን መካከል የኦስሎ ስምምነት በተፈረመበት በ1993 የዌስት ባንክ ሰፋሪዎች 110,000 ገደማ እንደነበሩ ሲታወስ፣ የሰላም ድርድር ሲካሄድ በነበረበት ዘመን ሁሉ ቁጥሩ እንዳልቆመ ይታያል። በ1995 የተፈረመው ሁለተኛው የኦስሎ ስምምነት ግዛቱን በሦስት ከፈለው። ትልልቆቹ የፍልስጤም ከተሞች ያሉበት «ሀ» 18 በመቶ ያህል ሆኖ በፍልስጤም አስተዳደር፣ «ለ» 22 በመቶ ያህል ሆኖ ጸጥታው በእስራኤል ሲቪሉ በፍልስጤም፣ «ሐ» 60 በመቶ ያህል ሆኖ በሙሉ በእስራኤል እጅ። ክፍፍሉ ለአምስት ዓመት ነበር የታሰበው፤ ሠላሳ ዓመት አለፈው። ከምሥራቅ ኢየሩሳሌም ውጪ ያሉት ሰፈራዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ያሉት በ«ሐ» ክልል ነው። ክልል «ሀ» እና «ለ» በውስጡ እንደ ደሴት ተበታትነዋል፤ ከአንዱ ፍልስጤም ከተማ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው በ«ሐ» ማለፉ፣ ኬላ ማግኘቱ አይቀርም።

በ«ሐ» ክልል ሁለት ጎረቤቶች በሁለት ሕግ ይኖራሉ። ሰፋሪው ወንጀል ቢሠራ በእስራኤል ሲቪል ፍርድ ቤት ይዳኛል፤ ፍልስጤማዊው በወታደራዊ ፍርድ ቤት። ለሰፈራው የከተማ ፕላን ይወጣለታል፤ ለፍልስጤም መንደሮች ግንባታ የጸደቀው ፕላን ከክልሉ 1 በመቶ አይሞላም። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው አውራ ጎዳና ዳር ያለችው ኻን አል-አሕመር ይህን በደንብ ታሳያለች። የበደዊን እረኞች መንደር ናት። የግንባታ ፈቃድ ስለማይሰጣቸው በ2009 ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሠሩት በአሮጌ የመኪና ጎማዎች ነው፤ ጎማውን ደርድረው፣ በጭቃ ሞልተው፣ ልስን ለስነው። በ2018 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት መንደሩ ያለ ፈቃድ የተሠራ ስለሆነ ሊፈርስ ይችላል ብሎ ፈረደ። በሕጉ ፊደል ትክክል ነው፤ ፈቃድ አልነበራቸውም። ፈቃድ የሚገኝበት ፕላን ስለመኖሩ ግን ሕጉ አይጠይቅም።

ዓለም አቀፍ ሕጉን በተመለከተ፣ የ1949ኙ አራተኛ የጄኔቭ ስምምነት አንቀጽ 49 ያዥ መንግሥት የራሱን ሰላማዊ ሕዝብ ከፊሉንም ቢሆን ወደያዘው ግዛት ማዛወር እንደሌለበት ይደነግጋል። የእስራኤል መከራከሪያ ባዶ ጩኸት አይደለም፤ ዮርዳኖስ በ1950 ዌስት ባንክን ከግዛቷ ስትቀላቅል ከእንግሊዝና ከፓኪስታን በቀር የተቀበላት አገር አልነበረም፣ ስለዚህ ግዛቱ ከማንም ሕጋዊ ባለቤት አልተወሰደም፣ «የተያዘ» ሳይሆን «አከራካሪ» ሊባል ይገባል፣ ሰፋሪዎቹም በፈቃዳቸው እንጂ ተገደው አልሄዱም ትላለች። ሆኖም አንቀጹ የሚጠብቀው በግዛቱ የሚኖረውን ሰው እንጂ ቀድሞ የነበረውን ገዢ አይደለም፤ ሜሮንም በ1967 የጻፉት ይህን ክርክር ሰምተው ነው። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2004 እስራኤል በዌስት ባንክ በሠራችው ግንብ ጉዳይ፣ በጁላይ 2024 ደግሞ በግዛቱ መያዝ ጉዳይ በሰጠው የምክር አስተያየት ሰፈራዎቹ ሕገወጥ መሆናቸውን፣ እስራኤልም በተቻለ ፍጥነት መውጣት እንዳለባት ተናግሯል። የጸጥታው ምክር ቤት ያንኑ በውሳኔ 2334 በዲሴምበር 2016 በ14 ድምፅ፣ አሜሪካ ተዓቅባ፣ አስቀምጧል። አስተያየቱም ውሳኔውም ግን አስፈጻሚ የላቸውም።

እስራኤላዊው ለምን አይወጣም ሲባል የሚሰጠው መልስ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። በ2005 ጠቅላይ ሚኒስትር አሪኤል ሻሮን፣ የሰፈራ አባት ይባሉ የነበሩት ሰው፣ ከጋዛ 21 ሰፈራዎችን፣ ከሰሜን ዌስት ባንክም አራት ነቅለው ወታደሩንም ከጋዛ አስወጡ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሐማስ ጋዛን በኃይል ያዘ፤ ሮኬትም ዘነበ። ከዌስት ባንክ ኮረብታዎች የቴል አቪቭ ፎቆች በዓይን ይታያሉ፤ ይህን ፍርሃት አቃሎ ማየት ተገቢ አይመስለኝም። ነገር ግን ወታደር ማቆምና ሕፃናት የሚያድጉበት ሰፈር መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የኤሎን ሞሬ መዝገብም የተነጋገረው በዚሁ ላይ ነበር።

በድርድር ወቅት የተሻለው መፍትሔ ተብሎ ሲቀርብ የኖረው የመሬት ልውውጥ ነው፤ ለመስመሩ የቀረቡት ትልልቅ ሰፈራዎች ለእስራኤል ይተውና ፍልስጤም በምትኩ ከእስራኤል መሬት ታግኝ። በ2008 የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤሁድ ኦልመርት ከዌስት ባንክ 6.3 በመቶ ወስደው 5.8 በመቶ የሚተኩበትን ካርታ ለፍልስጤሙ ፕሬዚዳንት ማሕሙድ አባስ አሳዩ፤ ቅጂውን ስላልሰጧቸው አባስ በእጃቸው ነድፈው ይዘው ሄዱ። የፍልስጤም ተደራዳሪዎች ያቀረቡት ልውውጥ 1.9 በመቶ ነበር። ልዩነቱ በቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ በመሬት ላይ ግን አሪኤልን የመሰለ፣ ከአረንጓዴው መስመር ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ የገባ ከተማ ከነመንገዱ ይቅር ወይስ ይነሣ የሚል ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ዛሬ የሚያከራክረው ኢ-ዋን የሚባለው መሬት ነው። በኢየሩሳሌምና በማዓሌ አዱሚም መካከል ያለ፣ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ አብዛኛው ገላጣ ኮረብታ ነው፤ ኻን አል-አሕመርም በአቅራቢያው ናት። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተዘጋጀው ፕላን በአሜሪካና በአውሮፓ ግፊት ሲታገድ ኖሮ በኦገስት 2025 ጸደቀ፤ ወደ 3,400 የሚጠጉ ቤቶች ይሠሩበታል። ሚኒስትሩ ቤዛሌል ስሞትሪች ፕላኑ የፍልስጤም መንግሥትን ሐሳብ እንደሚቀብር በይፋ ተናግረዋል። ቤቶቹ ሲቆሙ በሰሜን ያለችው ራማላ በደቡብ ካለችው ቤተልሔም በምሥራቅ ኢየሩሳሌም በኩል አትገናኝም። መንግሥት ለዚህ የሚሰጠው መልስ ለፍልስጤማውያን መኪኖች የሚሆን ሌላ መንገድ አስቧል፤ ከቤተልሔም ተነሥቶ ሰፈራውን ዞሮ ራማላ የሚያደርስ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ግን የማያስገባ።